ጎል ከገባብሽ በኋላ፦ የበረኛን ልብ ማሠልጠኛ ዝርዝር መመሪያ

ደብረ ብርሃን ኳስ የተጫወተ ሰው የታኅሣሥን ጠዋት ያውቀዋል። ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። ኳሷ ድንጋይ ትሆናለች። ጓንት የሌለው በረኛ ጣቶቹን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ነው ተራውን የሚጠብቀው።

እኔም አንዱ ነበርኩ። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ የተጫወትኩት አንድ ጨዋታ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ገና በሦስተኛው ደቂቃ ከሩቅ አንድ ኳስ መጣች። ኃይል የላትም፤ እየተንከባለለች ነው። ጎንበስ ስል በሁለት እግሮቼ መሃል ሾልካ ገባች። ከጎሉ ጀርባ ድንጋይ ላይ ከተቀመጡት ልጆች አንዱ «አንተ፣ በሩን ዝጋው እንጂ! ብርድ ገባ!» ብሎ ጮኸ። ሜዳው በሙሉ ሳቀ። እውነቱን ለመናገር ቀልዱ ጥሩ ነበር።

5 ለ 1 ተሸነፍን። ዛሬ ሳስበው የምታንገበግበኝ ያቺ የመጀመሪያዋ ጎል አይደለችም። ሁለተኛዋና ሦስተኛዋ ናቸው። እነሱ ሲገቡ እኔ ሜዳው ላይ አልነበርኩም። ሰውነቴ ቋሚዎቹ መሃል ተገትሯል፤ ቀልቤ ግን ገና ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ምን ማድረግ እንዳለብኝ የነገረኝ ሰው አልነበረም። አሠልጣኛችን «ወንድ ሁን!» አለኝ። ይኼ ደግሞ መመሪያ አይደለም።

አሁን ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ሴት ልጆች አሠለጥናለሁ። ስለዚህ «አንቺ» እያልኩ ነው የምጽፈው። ወንድ በረኛ ከሆንክ እንዳትቀየም፤ «አንተ» እያልክ አንብበው። ነገሩ ያው ነው።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው እንስማማ። በረኛ በ90 ደቂቃ ውስጥ ኳስ የምትነካው ጥቂት ጊዜ ነው። የቀረውን ጊዜ ትቆማለች፣ ታያለች፣ ታስባለች። የሚያጠፋትም የሚያድናትም ይኼ ባዶ ጊዜ ነው። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ዋናው ሥራ ኳሷ እጅሽ ላይ ስትሆን ሳይሆን ሌላ ቦታ ሳለች ነው።

ሐሳቡ የመጣልኝ እኛ አገር ብዙም ከማይታወቅ ጨዋታ ነው። ሶፍትቦል ይባላል። የሚጫወቱት ከቤዝቦል ኳስ ተለቅ ባለ ኳስ ነው፤ ወርዋሪዋ ከ13 ሜትር ርቀት ላይ ቆማ እጇን ከታች ወደ ላይ አዙራ ትወረውራለች፣ ሌላዋ በዱላ ትመታለች። ለገና ጨዋታ አገር ሰው ዱላና ኳስ እንግዳ አይደለም። የጃፓኗ ዩኪኮ ዌኖ እ.ኤ.አ. በ2008 በቤጂንግ ኦሊምፒክ በሁለት ቀን ብቻ 413 ጊዜ ወርውራ አገሯ አሜሪካንን 3 ለ 1 አሸንፋ ወርቅ እንድትወስድ አድርጋለች። ከ13 ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ በ39 ዓመቷ እንደገና ወርቅ። እኔን የገረመኝ ግን ውርወራው አልነበረም። ወርዋሪዎቹ በየውርወራው መካከል የሚያደርጉት ነገር ነው። ወደኋላ ይላሉ፣ ይተነፍሳሉ፣ ዓይናቸውን አንድ ቦታ ያሳርፋሉ፣ ይመለሳሉ። ጥሩ ቢወረውሩም ያው፣ ቢመታባቸውም ያው። ያን ቀን «ይኼ እኮ የእኛ የበረኞች ጉዳይ ነው» አልኩ። እነሱም ብቻቸውን ናቸው፣ እኛም ብቻችንን ነን። አጥቂ አሥር ጊዜ ስታ አንዴ ብታገባ ትከሻ ላይ ትወጣለች። በረኛ አሥር አድና አንድ ብትስት የሚወራው ያቺ አንዷ ናት።

1. መጀመሪያ እጅሽ ይመን

«በራስሽ ተማመኚ» ይሉሻል። በምኔ ልተማመን ብለሽ ብትጠይቂ መልስ ያለው ጥቂት ነው። ልብ በባዶ አያምንም። ልብ የሚያምነው እጅ ደጋግሞ ያደረገውን ነው። ስለዚህ ከእጅ እንጀምር።

ግድግዳ ፈልጊ። የቤታችሁ ግድግዳ ጭቃ ከሆነ እናትሽን አስፈቅጂ፤ ልስኑ ይረግፋል፣ ጦሱ ለኔ ይተርፋል። ሦስት እርምጃ ራቂ። ኳሷን ወርውሪና ስትመለስ ያዢ። ከደረት በላይ ለመጣ ኳስ አውራ ጣቶችሽ ሊነካኩ ትንሽ ይቅራቸው፣ ሌሎቹ ጣቶች ይዘርጉ። ለዝቅተኛ ኳስ ደግሞ ትንንሾቹ ጣቶች ይቀራረቡ፣ መዳፍ ወደ ላይ። ከእጅሽ ጀርባ ሁልጊዜ እግር ወይም ጉልበት ይኑር። እጅ ቢስት እግር ይመልሳል። እኔ በሦስተኛው ደቂቃ የረሳሁት ይኼን ነው።

ሳትጥዪ 20 ያዢ። 19ኛው ላይ ከወደቀብሽ ከአንድ ጀምሪ። ያበሳጫል፤ መበሳጨቱም ልምምድ ነው። 18 ላይ ስትደርሺ እጅሽ መገተር ሲጀምር ታውቂዋለሽ። ጨዋታ ላይ የሚመጣው ፍርሃት ከዚህ የተለየ አይደለም፣ ድምፁ ብቻ ነው የሚጨምረው።

ከዚያ ደብተር። ውድ መሆን የለበትም፤ የሂሳብ ደብተርሽ ጀርባም ይሆናል። ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ ሦስት መስመር ጻፊ፦ ምን ያዝኩ፣ ምን አመለጠኝ፣ ለምን አመለጠኝ። አንድ ሕግ ብቻ አለው። ስድብ አይጻፍም። «ደካማ ነኝ» ክልክል ነው። «ግራ እግሬ ዘገየ» ይፈቀዳል። የመጀመሪያው መድኃኒት የለውም፣ ሁለተኛው ግን ነገ ጠዋት ይሠራበታል። ከሁለት ወር በኋላ ደብተሩን ወደኋላ ገልጠሽ ስታነቢ የያዝሻቸው ኳሶች ብዛት ራስሽን ይገርምሻል። ከጨዋታ በፊት ባለው ሌሊት እንቅልፍ ሲጠፋ የሚነበበው እሱ ነው።

2. ኳሷ ሩቅ ሳለች

ብዙ ልጆች ኳሷ በተጋጣሚ ሜዳ ስትሆን ወይ ይቀዘቅዛሉ፣ ወይ በሐሳብ ይሄዳሉ። ሁለቱም መጥፎ ነው። 90 ደቂቃ ሙሉ በሙሉ ነቅቶ መቆምም አይቻልም፤ ጭንቅላት ይደክማል። ስለዚህ እንደ ፋኖስ ክር ከፍ ዝቅ ማድረግ ተማሪ።

ኳሷ ከመሃል ሜዳ ወዲያ ስትሆን ፈታ በይ። ወደ 16 ከ50 (ከጎሉ ፊት ያለው የፍጹም ቅጣት ምት ክልል) ጫፍ ራመድ በይ፣ ትከሻሽን ፍቺ፣ ተከላካዮችሽን አናግሪ። ኳሷ መሃል ሜዳን ስትሻገር ወደ ቦታሽ ተመለሺ። ያኔ አራት ነገር አድርጊ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ቅደም ተከተል።

በአፍንጫ አየር ሳቢ፣ እስከ አራት ቆጥረሽ። በአፍ አስወጪው፣ እስከ ስድስት። መውጫው ከመግቢያው ይርዘም፤ ልብ ምት ረገብ የሚለው አየር ስናስወጣ ነው። የደብረ ብርሃንን የጠዋት አየር በአፍ ከሳብሽው ደግሞ ጉሮሮሽን ይልጠዋል፣ ስለዚህ በአፍንጫ።

ከዚያ ዓይንሽን ኳሷ ላይ ብቻ ጣዪ። የመቺዋ ፊት አይደለም፣ ማሊያዋ አይደለም። ኳሷ።

ከዚያ አንድ ቃል። አጭር ትሁን፤ በሆድሽ የምትያት። «ቁሚ» ሊሆን ይችላል፣ «እዚህ» ሊሆን ይችላል። ከልጆቼ አንዷ የምትለው «ቆሎ» ነው። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት ሳቀች እንጂ አልነገረችኝም። ይሠራላታል፤ በቃ።

መጨረሻ ላይ አቋም። እግር በትከሻ ስፋት፣ ክብደት በእግር ጣቶች በኩል፣ እጆች ከወገብ ከፍ ብለው ከፊት። መቺዋ እግሯን ስታነሳ አንቺ መቆም አለብሽ። እየተራመድሽ ኳስ ከተመታ ዘግይተሻል።

ይኼን ሁሉ ማድረግ ከአሥር ሰከንድ ብዙም አያልፍም። መጀመሪያ ሰሞን እንደ ቲያትር ይሰማሻል። ሦስት ሳምንት ታገሺው።

አንድ ተጨማሪ እድል አለሽ። ኳሷን ስትይዢ በአዲሱ ሕግ 8 ሰከንድ ተሰጥቶሻል። ካለፈ ለተጋጣሚ ኮርና ይሰጣል፤ ዳኛው የመጨረሻዎቹን 5 ሰከንዶች በእጁ ይቆጥርልሻል። አጠር ያለች አንድ ትንፋሽ ለመውሰድ ይበቃል። ኳስ ይዘው ወዲያው እንደ ትኩስ ድንች የሚጥሉ በረኞችን ስታዪ የሚያባርራቸው ሰው የለም። ራሳቸውን ነው የሚሸሹት።

3. ጎል ሲገባ

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ልጻፍ፤ የመጣሁት ለዚህ ነውና።

ኳሷ መረቡን ከነካችበት ሰዓት አንስቶ መሃል ሜዳ ላይ ጨዋታው እስኪጀመር ድረስ ትንሽ ጊዜ አለ። እነሱ ይጨፍራሉ፣ ዳኛው ወደ መሃል ያመለክታል፣ ያንቺ ቡድን አንገቱን ይደፋል። ያ ጊዜ ያንቺ ነው። ማንም አይጠይቅሽም። ካልተጠቀምሽበት ግን እንደኔ ሁለተኛዋን ጎል ትወልጂበታለሽ።

ባለፈው ዓመት ካሉኝ በረኞች አንዷ፣ ረጅሟ ልጅ፣ አንድ ጨዋታ ላይ የተሻማ ኳስ ከእጇ አምልጦ ገባባት። ጎል አፉ ላይ ተንበረከከች። ተከላካዮቹ መጥተው «አይዞሽ፣ አይዞሽ» አሏት። ይኼ «አይዞሽ» የሚባል ቃል ወርቅ ነው፤ ግን አባባሉ ይወስነዋል። ለቅሶ ቤት እንደሚባለው ከተባለ የሞተ ነገር አለ ማለት ነው። እረፍት ላይ «ጋሼ፣ እጄ እምቢ አለኝ» አለችኝ። እጇ እምቢ አላለም። ከዚያ ኳስ በፊት አራት የተሻማ ኳስ ይዛ ነበር፤ ቆጥሬያለሁ። ነገርኳት፣ አላመነችኝም። በሁለተኛው አጋማሽ ለመጀመሪያው ኮርና ሳትወጣ ቀረች፣ ሁለተኛ ጎል።

በቀጣዩ ሳምንት ልምምድ አንድም ኳስ ሳንነካ 40 ደቂቃ ያሳለፍነው ይኼን በመለማመድ ነው። አዎ፣ ጎል ሲገባ ምን እንደሚደረግ ይለማመዱታል። እንዲህ ነው፦

አንደኛ፣ ተነሺ። ወዲያው። መሬት ላይ የቆየሽበት እያንዳንዱ ሰከንድ ለተጋጣሚ ስጦታ ነው። እጅሽን ወደ ተከላካይሽ አትዘርጊ፣ ጥፋቱ የሷ ቢሆን እንኳ። ነገ ከፊትሽ ቆማ ኳስ በደረቷ የምትመልስልሽ እሷ ናት።

ሁለተኛ፣ ፊትሽን ወደ መረቡ አዙሪ። ኳሷን አውጪና ለጓደኛሽ ስጪ። ሜዳውን፣ ተመልካቹን፣ አሠልጣኙን ለትንሽ ጊዜ በጀርባሽ አድርጊ። ፊትሽ ቢቀላ፣ እንባ ቢመጣ፣ እዚያ ይምጣ። መረብ አያወራም።

ሦስተኛ፣ የጓንትሽን ማሰሪያ ፍቺ። ችርር የሚለውን ድምፅ ስሚው። ማሰሪያው ተፈቶ እስካለ ድረስ ስለ ጎሉ አስቢ፤ ተናደጂ፣ ተሳደቢ፣ «ግራ እግሬ ዘገየ» በይ። ከዚያ አጥብቀሽ እሰሪው። ሲታሰር ነገሩ አለቀ። ቀሪው ደብተር ላይ ማታ ይጻፋል። ይኼ የጓንት ነገር ተራ ይመስላል። ግን ሐሳብን በሐሳብ ማባረር ከባድ ነው፤ በእጅ ማባረር ይቀላል።

አራተኛ፣ በተረከዝሽ ከጎሉ መስመር ፊት ለፊት መሃሉ ላይ አንድ ጭረት ጫሪ። ቦታሽን ያሳይሻል፤ ደግሞም እንደገና ጀመርኩ ማለት ነው።

አምስተኛ፣ አፍሽን ክፈቺ። ድምፅ አውጥተሽ ለተከላካዮችሽ ትእዛዝ ስጪ። «ቀኝ፣ ጠበብ በይ!» ምንም ይሁን። ጎል የገባባት በረኛ ዝም ስትል ተከላካዮቹ ፍርሃቷን ይሰሙታል። ስትናገር ግን ራሷም ድምፅዋን ትሰማና ትረጋጋለች።

ስድስተኛ፣ ቀላል ኳስ ጠይቂ። ጨዋታው እንደተጀመረ ተከላካይሽ በእግር አጭር ኳስ ትስጥሽ፣ መልሺላት። እግርሽ ኳስ ይንካ። ይኼን ከጨዋታ በፊት ከሷ ጋር ተስማሙበት፣ ጎሉ ከገባ በኋላ ለማስረዳት ጊዜ የለም።

ረጅሟ ልጅ አሁን ጎል ሲገባባት ከተመልካች መሃል ሆኜ የጓንቷን ድምፅ እሰማዋለሁ። ችርር። ከዚያ ዞር ስትል ፊቷ ሌላ ነው። ጎል አይገባባትም አላልኩም፤ ይገባባታል። ሁለተኛዋ ግን በፊተኛዋ ምክንያት አትገባም።

4. ቁልቁል ስትወርጂ

ይኼ ለእኛ አካባቢ ልጆች የተለየ ጉዳይ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ትጠጋለች። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ፈጠን ብላ ትሄዳለች፣ ስትጠማዘዝም ብዙ አትጠማዘዝም። እጅሽ የለመደው ይኼን ነው። ከዚያ አንድ ቅዳሜ የጣርማበርን ዋሻ አልፈሽ፣ ደብረ ሲናን ቁልቁል ወርደሽ፣ ሸዋ ሮቢት ትገቢያለሽ። መቶ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ከ1,400 ሜትር በላይ ወርደሻል። ሙቀቱ ጉድ ነው፤ አየሩ ወፍራም ነው። የተሻማችው ኳስ ከለመድሽው ትዘገያለች፣ መጨረሻ ላይም ታጥፋለች። አንቺ ቀድመሽ ትዘዪያለሽ፣ እጅሽ ባዶ አየር ይጨብጣል።

እዚህ ላይ ነው ልጆች «ዛሬ አልተሳካልኝም፣ ቀኔ አይደለም» ማለት የሚጀምሩት። ቀኑ ምንም አልሆነም። አየሩ ነው። ምክንያቱን ያወቀች በረኛ አትደነግጥም። ስለዚህ ቆላ ስትወርጂ ቀድመሽ ግቢና ከጨዋታው በፊት ቢያንስ 30 የተሻማ ኳስ ይምቱልሽ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ቢያመልጡሽ አትቁጠሪያቸው። ከቆላ የሚመጡት ልጆች ደግሞ እኛ ጋ ሲወጡ በተቃራኒው ኳሷ ትቀድማቸዋለች፤ ትንፋሽም ያጥራቸዋል። ይኼን ለነሱ አልነገርኳቸውም። አሁን ካነበቡት ምን ይደረጋል።

5. ሪጎሬ (ፍጹም ቅጣት ምት)

ቋሚ ከቋሚ 7.32 ሜትር፣ አግዳሚው 2.44 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ኳሷ 11 ሜትር ላይ። በደንብ የተመታ ኳስ ግማሽ ሰከንድ ሳይሞላ ይደርሳል። በግምት ከአራቱ ሦስቱ ይገባሉ። እነዚህን ቁጥሮች የምነግርሽ ላስፈራራሽ አይደለም። ዕዳው የማን እንደሆነ እንድታዪ ነው። ከገባ ማንም አይወቅስሽም። ካዳንሽ ንግሥት ነሽ። የምትንቀጠቀጠው እሷ ናት፣ መቺዋ። አንቺ ዘና በይ።

እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የእስራኤል ተመራማሪዎች ጥናት 286 ፍጹም ቅጣት ምቶችን አጥንቶ ነበር። በረኞቹ ከመቶ ወደ 94 በሚጠጋው ጊዜ ወይ ግራ ወይ ቀኝ ዘለዋል። የማዳን ዕድላቸው የተሻለ የነበረው ግን መሃል ላይ ሲቆሙ ነው። ታዲያ ለምን ይዘላሉ? ዘለሽ ጎል ቢገባ «ሞክራለች» ይባላል። ቆመሽ ቢገባ «ተገትራ አየችው» ይባላል። ማለትም ብዙ ጊዜ የምንዘለው ለኳሷ ሳይሆን ለተመልካቹ ነው። ሁልጊዜ ቁሚ አላልኩሽም። ስትዘዪ ለምን እንደምትዘዪ እወቂ።

መቺዋ ኳሷን ስታስቀምጥ ያቺን ትንፋሽና ያቺን ቃል ድገሚ። በመስመሩ ላይ ቀኝና ግራ ተንቀሳቀሺ፣ እጅሽን ዘርግተሽ ትልቅ ሁኚ። ኳሷ ስትመታ ግን ቢያንስ የአንድ እግርሽ አካል መስመሩ ላይ ወይም ከመስመሩ በላይ አየር ላይ መሆን አለበት፤ አለዚያ ያዳንሽው ሊደገም ይችላል። የቆመውን እግሯን ጫማ ተመልከቺ፤ ብዙ ጊዜ ወደምትመታበት ይጠቁማል። ብዙ ጊዜ አልኩ እንጂ ሁልጊዜ አላልኩም።

6. ከጎሉ ጀርባ ያሉት

የእኛ ሜዳዎች አጥር የላቸውም። ተመልካቹ ከመረቡ ጀርባ ነው የሚቀመጠው፤ መረብም ካለ። ሙድ ይይዙብሻል። ስለ ቁመትሽ፣ ስለ ፀጉርሽ፣ «ሴት ልጅና ኳስ» እያሉ። ከባዱን ነገር አልደብቅሽም፤ አንዳንድ ሰው ይቅር አይልም። የብራዚሉ በረኛ ባርቦዛ እ.ኤ.አ. በ1950 የዓለም ዋንጫ ማራካና ስታዲየም ላይ ኡራጓይ 2 ለ 1 ስታሸንፍ በገባችው ጎል እስከ ሞተበት 2000 ድረስ ሲወቀስ ኖሯል። ሃምሳ ዓመት! የተመልካችን ምሕረት ጠብቀሽ ልትጫወቺ አትችዪም።

መድኃኒቱ መልመድ ነው። ልምምድ ላይ ታናናሽ ወንድሞቻችሁን ይዛችሁ ኑ እላቸዋለሁ። ከጎሉ ጀርባ ተቀምጠው የፈለጉትን ይጩኹ፤ ከስድብና ከቤተሰብ ጉዳይ በቀር። የመጀመሪያው ቀን ልጆቹ ተሸማቀቁ። በአራተኛው ቀን አንዷ በረኛ ዞር ብላ «ይኼን ባለፈው ሳምንት ብለኸዋል፣ አዲስ አምጣ» አለችው። ያን ቀን ነው ሥራው የተሳካው። አባቶች «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይላሉ። ጌታው ካልተቆጣ አንቺ በአንድ የሰፈር ልጅ ምን ያስቆጣሻል?

ቤት ውስጥ ያለው ወሬ ግን ሌላ ነው። እማዬ «እጅሽ ይሰበራል፣ ማን ያገባሻል» ካለች ክርክር አትግጠሚ። አንድ ቀን ሜዳ ጋብዣት። የአንዷ እናት ጋቢያቸውን ተከናንበው መጥተው ነበር፤ እረፍት ላይ ዳኛውን ሲቆጡ አገኘኋቸው።

7. የመጨረሻዋ ኳስ

ይኼን ልምምድ ከሁሉም እወደዋለሁ። ልምምድ ሲያልቅ፣ ሁሉም ሲደክማቸው፣ ቡድኑ በሙሉ በ16 ከ50 ዙሪያ ይቆማል። አንዲት አጥቂ፣ አንዲት በረኛ፣ አንዲት ኳስ። አንዴ ብቻ ይመታል። «ድገሚው» የለም፣ «አልተዘጋጀሁም ነበር» የለም። የተሸነፈችው የኳሶቹን ከረጢት ቤቷ ድረስ ትሸከማለች።

ከዚያ ወደ ቤት። ጎል ከገባባት እስከሚቀጥለው ልምምድ ያቺን ጎል ይዛ ትኖራለች። ይኼ ጭካኔ ይመስላል። ነገር ግን ጨዋታ ላይ የሚያስፈራው ድጋሚ አለመኖሩ ነው፤ ድጋሚ የሌለበትን ነገር ካልተለማመድነው ከየት ይመጣል?

ስለ ተጠባባቂዋ አንድ ቃል። እ.ኤ.አ. በ2013 ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ሲበቃ፣ በመጀመሪያው ጨዋታ ከዛምቢያ ጋር በረኛው ጀማል ጣሰው በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጣ። ዘሪሁን ታደለ ከተጠባባቂ ወንበር ተነስቶ ገባ። ቡድናችን በአሥር ሰው 1 ለ 1 ወጣ። ከናይጄሪያ ጋር ደግሞ ሲሳይ ባንጫ በቀይ ሲወጣ ቅያሪ አልቆ ነበርና አዲስ ሕንጻ የተባለው የሜዳ ተጫዋች ጓንት አጥልቆ ጎል ቆመ። ወንበር ላይ ከተቀመጥሽ ጓንትሽን አጥልቀሽ ተቀመጪ። ትንፋሹንም ቃሉንም እዚያው አድርጊ።

8. ሆድ

ረሃብን ፍርሃት ነው ብለሽ አትተርጉሚው። በጾም ወቅት ጠዋት ምንም ሳይቀምሱ የሚመጡ ልጆች አሉኝ። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበት ይከዳል፣ ልጅቷ «ፈራሁ» ትላለች። አልፈራችም፣ ርቧታል። ስለ ጾሙ እኔ ምንም አልልም፤ ከቤተሰብሽና ከንስሐ አባትሽ ጋር የምትነጋገሪው ነው። የልምምዱን ሰዓት ግን ማስተካከል ይቻላል፤ ለአሠልጣኝሽ ንገሪው። በሌላው ቀን ከጨዋታ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ በፊት ብዪ። በሶ በጥብጠሽ መጠጣት ቀላልና ጥሩ ነው። ቡና ደግሞ አንድ ስኒ ይበቃል። ሦስተኛውን ጠጥታ ሜዳ የገባች በረኛ እጇ ለምን እንደሚርበተበት አትጠይቀኝ።

ጓንትሽን በተመለከተ ደግሞ፦ ከጨዋታ በፊት መዳፉን በትንሽ ውኃ አርጥቢው፤ ደረቅ ጓንት ኳስ አይዝም። ከጨዋታ በኋላ ለብ ባለ ውኃ እጠቢውና ጥላ ውስጥ ስቀዪው። ብርዱ አስቸግሮሽ ከምድጃ አጠገብ እንዳታደርቂው፤ መዳፉ ይሰነጠቃል። ረጅሟ ልጅ አንዴ አድርጋው እስከ ፋሲካ በተሰነጠቀ ጓንት ተጫወተች።